ዶን ካሊስትሮ ኔይራ ጋኔን አለመሆናቸውን ስለማሳወቅ

ለክቡር «ሚዛናዊው ጉጉት»፣
በበይነ መረብ መዝገበ ዕውቀት የአስማት፣ የሻማንነትና የአጋንንት መጣጥፎች ጥራት ምዘና ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ሆኑ የተከበሩት የኮሚቴዎ አባላት ወገባችሁ በመቀመጥ ብዛት ሳይታመም፣ ዓይናችሁ በስክሪን ብርሃን ሳይደክም፣ የኔትወርክ መቆራረጥም ሳያገኛችሁ በመልካም ጤንነት ትገኙ ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኛ በቱሉፓምባ የምንኖረው ከዘንድሮው ዝናብና ከኮሚቴዎ በቀር የሚያስቸግረን ነገር ስለሌለ ደህና ነን።

ስሜ ኤዴልሚራ ቺንጌል ይባላል። በፔሩ ሰሜናዊ ተራሮች፣ ቀናተኛዋ ከምንላት ሐይቅ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ዝቅ ብላ በምትገኘው ቱሉፓምባ መንደር፣ የጥበቃ ማኅበራችን ጸሐፊ ሆኜ ቃለ ጉባኤ መያዝ ከጀመርኩ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። የተሰረቀ በሬ፣ የተገፋ ድንበር፣ የተኳረፉ ባልና ሚስት ሁሉ በእኔ የእጅ ጽሑፍ ተመዝግበው ስለሚገኙ፣ ሰው የተናገረውን ቃል ወረቀት ላይ ማስፈር ምን ያህል ኃላፊነት እንዳለበት በመጠኑም ቢሆን አውቃለሁ። ይህን የምጠቅሰው ለመመጻደቅ ሳይሆን፣ ክቡርነትዎ በውይይት ገጹ ላይ «ተጠቃሚዋ ስለ ምንጭ አጠቃቀም መሠረታዊ ግንዛቤ የላትም» ሲሉ ስለ እኔ የጻፉትን ትምህርት አዘል አስተያየት እስከ ዛሬ በምስጋና ስለማስታውሰው ነው።

የምጽፍልዎ ኮሚቴዎ የጥራት ኮከብ ስለሸለመው «ካሊስትሮ (ጋኔን)» ስለተሰኘው መጣጥፍ ነው። ከገመገሟቸው ብዙ አጋንንት መካከል የእኛው ጠፍቶብዎት እንደሆነ መግቢያውን ልጥቀስልዎ፦ «ካሊስትሮ በሰሜን አንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ዘንድ የሚፈራ አንካሳ ጋኔን ነው። አይብ በሚሠራበት ቀን ሳይጠራ ወደ ሰው ቤት ይገባል፤ የወተት ውጤት ካልቀረበለትም አይወጣም። አንደኛው እግሩ የበቅሎ ሰኮና ሲሆን በሌላው በረባሶ ያደርጋል።»

ዶን ካሊስትሮ ኔይራ የሰማንያ አንድ ዓመት ሽማግሌ፣ የቀድሞ በቅሎ ነጂ፣ የአጎቴ የማስትሮ ኒካኖር ወዳጅና አበልጅ፣ የእኔም ጎረቤት ናቸው። ቤታቸው ከአጥሬ ማዶ ነው፤ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ሲያስሉ ይሰማኛል።

አንድ ሰው እንዴት ጋኔን ሊሆን እንደቻለ ማስረዳት ይጠበቅብኛል። ከሰባት ዓመት በፊት አንድ የተማረ እንግዳ ወደ መንደራችን መጣ። ጠዋት በሦስት ሰዓት ከሚኒባሱ ወርዶ፣ ሰባት ሰዓት ላይ በሚመለሰው ሚኒባስ ሄደ፤ በመካከሉ እናንተ ሻማን፣ እኛ ማስትሮ የምንላቸውን ባህላዊ ፈዋሽ አጎቴን ግቢያቸው ውስጥ አገኛቸው። እኔ አይብ እየጨመቅኩ ነበር። ዶን ካሊስትሮም እንደ ልማዳቸው አይብ የሚጨመቅበትን ቀን ማንም ሳይነግራቸው አውቀው መጥተው፣ ሦስተኛውን ቁራሽ ከተቀቀለ በቆሎ ጋር እየበሉ ነበር። እንግዳው ስልኩን ለመቅጃ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ እዚህ አካባቢ ሰው የሚፈራው ጋኔን አለ ወይ ብሎ ጠየቀ።

አጎቴ አበልጃቸውን ከእግር እስከ ራስ ተመለከቱና፣ «አለ እንጂ። ካሊስትሮ ይባላል። ግራ እግሩን ያነክሳል። አይብ በሠራን ቁጥር ሳንጠራው ከች ይላል» አሉ። ዶን ካሊስትሮ አፋቸው ሙሉ እንደሆነ፣ «እውነቱን ነው፣ እኔም በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ መልኩ ግን ያምራል» ብለው ጨመሩ። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ከአይቡ ላይ ቀና ብዬ፣ «ካልበላ አይሄድም፤ ከበላም አይሄድም» አልኩ። ሁላችንም እስኪያመን ሳቅን። እንግዳውም ፈገግ ብሎ ጻፈ፤ እኛም ገብቶታል ብለን አሰብን።

እዚህ ላይ ስለ ልማዳችን ጥቂት ልበል። ስለ ቀናተኛዋ ሐይቅና በእሷ ስለሚደረገው ሁሉ በአንድ ቀን እውነቱን መናገር በእኛ ዘንድ ክልክል ነው። በመጀመሪያው ቀን መጥቶ ለሚጠይቅ ሰው የመጀመሪያ ቀን መልስ ይሰጠዋል፤ ይህም ሕፃን እንኳ ቀልድ መሆኑን የሚያውቀው መልስ ነው። በማግሥቱ ከተመለሰ ይሳቅበታል፣ እሱም በራሱ ይስቃል፣ ከዚያም ግማሹ ይነገረዋል። በሦስተኛው ቀን ማስትሮው ወደ ሐይቋ ይዘውት ይወጣሉ፤ ስኳርና ሽቶ ይረጭላታል፣ እሱም ያንን አጥንት የሚሰብር ውሃ ገብቶበት ስሙን ሦስት ጊዜ ጮክ ብሎ ለሐይቋ ይናገራል። ከዚያ በኋላ ለሚጠይቀው ሁሉ እውነቱ ይመለስለታል። ደግሞም የመጀመሪያው ቀን መልስ ቀልድ መሆኑን ለእንግዳው መንገር ነውር ነው፤ እንደማይመለስ ቆርጦ ማሰናበት ይሆናል። ስለዚህ ዝም ብለን ሸኘነው። አጎቴ በሁለተኛው ቀን የሚነግሩትን አዘጋጅተው ለአንድ ወር ያህል የሦስት ሰዓቷን ሚኒባስ ይጠብቁ ነበር። እንግዳው ግን የሰማውን በአንድ መጽሔት አሳተመ፤ መጽሔቱን ጠቅሶ ሌላው ጻፈ፤ ኮሚቴዎም ሁለቱን ጠቅሶ ኮከብ ሰጠ።

ይህን ካልኩ ዘንዳ ምስጋናዎቼን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፤ ስለ ምዘናው ትክክለኛነት። ሕዝባችን ከአያት ቅድመ አያቶቹ ጀምሮ ሕመሙን ያጠበባትን ሐይቅ «አስፈላጊነቷ ዝቅተኛ» በሚል መድባችሁ፣ ዶን ካሊስትሮን ግን «አስፈላጊነቱ ከፍተኛ» ማለታችሁን በአክብሮት ተመልክተናል። ይህን ባነበብኩላቸው ቀን ዶን ካሊስትሮ ድጋሚ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ደስ ብሏቸው ነበር፤ ያኔ ነገሩ ገና ሳቅ ነበርና።

ሁለተኛ፤ ስለ ጥልቅ ምርምሩ። የግርጌ ማስታወሻ ቁጥር ዘጠኝ «አንድ የዓይን ምስክር የጋኔኑን መልክ ማራኪ ሲል ገልጾታል» ይላል። ቁጥር አሥራ አንድ ደግሞ «አንዲት የመንደሩ ሴት ጋኔኑ በምንም ዓይነት መሥዋዕት እንደማይሸኝ በፍርሃት ተናግራለች» ይላል። ያቺ ሴት እኔ ነኝ። በፍርሃት ሳይሆን እጄ እስከ ክርኔ ድረስ እርጎ ውስጥ ሆኖ ነው የተናገርኩት። የጋኔኑን አንካሳነት በባሕር ማዶ ካሉ ሌሎች አንካሳ አጋንንት ጋር በማነጻጸር የተጻፉት አራት አንቀጾችም አስደናቂ ናቸው። ለመዝገብ ያህል፣ ዶን ካሊስትሮ የሚያነክሱት ገና በጉልምስናቸው ሎሬታ የምትባል በቅሎ ጉልበታቸውን ስለረገጠቻቸው ነው። ከሎሬታ ጋር የሚነጻጸር ነገር በባሕር ማዶ ካለ ለማወቅ እጓጓለሁ።

ሦስተኛው ከሌሎቹ ስለሚከብደኝ በዝግታ ልጽፈው ይፈቀድልኝ።

የዶን ካሊስትሮ የልጅ ልጅ ዴይሲ ከስድስት ወር በፊት ሴት ልጅ ወለደች። በእኛ ወግ የመጀመሪያው የልጅ ልጅ ልጅ ስም የሽማግሌው ስም ነው፤ ስለዚህ ልጅቷ ገና በማኅፀን ሳለች ካሊስትራ ነበረች። ዴይሲ አራስነቷን ስትጨርስ ልጇን በጀርባዋ አዝላ ወደ ወረዳው ከተማ ወረደች። የክብር መዝገብ ሹሙ ሴኞር ሊዛንድሮ ስሙን ሰምቶ ብዕሩን አስቀመጠና ስልኩን አወጣ። ስልኩም የእናንተን ኮከብ አሳየው። ልጅን የሚያዋርድ ስም መመዝገብ እንደማይችል ነግሯት ሲያበቃ፣ «ካሊስትሮ ጋኔን ከሆነ፣ ካሊስትራ ምኑ ልትሆን ነው?» ብሎ ጠየቃት። ዴይሲም፣ «እኔ የካሊስትሮ የልጅ ልጅ ነኝ፤ ቀንድ ካየህብኝ እሱንም አብረህ መዝግብልኝ» ብላ፣ ልጇን መልሳ አዝላ ወጣች። ሚኒባሱ ውስጥ ግን እስከ ቤቷ እያለቀሰች ነው የተመለሰችው።

በማግሥቱ እኔ ራሴ ሄድኩ። ሴኞር ሊዛንድሮ ክፉ ሰው አይደለም፤ አለቆቹን የሚፈራ ሰው ነው። «ኤዴልሚራ፣ እኔ ልጅቷን ጠልቼ ነው? ነገ ተቆጣጣሪ መጥቶ ይህን ገጽ ቢያሳየኝ ምን እላለሁ?» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «"ካሊስትሮ የሰውም ስም ነው" የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር እዚያ ላይ አስገቢልኝ፤ በማግሥቱ እፈርማለሁ» አለ። እንግዲህ፣ ክቡር ሰብሳቢ፣ ከእናንተ ስንለምን የከረምነው ይህችን ብቻ ነበር። ኮከቡን አልጠየቅንም፤ አራቱን አንቀጾችም አልነካንም።

ዓረፍተ ነገሯን በእጄ ጽፌ አስገባሁ። በአራት ደቂቃ ውስጥ ተሰረዘች፤ ምክንያቱም «ምንጭ አልተጠቀሰም» ነበር። ስለ ፍጥነታችሁ ላመሰግን እወዳለሁ፤ የወረዳችን አምቡላንስ እንዲህ ቢፈጥን ብዙ ሰው በሕይወት በኖረልን።

ምንጭ ከተባለ ብዬ ማስትሮ ኒካኖርን በማኅበሩ ጉባኤ ፊት አቆምኳቸው። ካሊስትሮ የሚባል ጋኔን እንደሌለ፣ እሳቸው ለቀልድ የፈጠሩት እንደሆነ፣ ስሙም የአበልጃቸው ስም እንደሆነ መሰከሩ፤ በአውራ ጣታቸውም ፈረሙ። ቃለ ጉባኤውን ፎቶ አንስቼ ላክሁ። መልሳችሁ፦ «የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭ ስለሆነ አንቀበልም። ተናጋሪውም ለጉዳዩ ቅርበት ስላላቸው ገለልተኛ ሊባሉ አይችሉም።» ይህን ለአጎቴ ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ከዘጠኝና ከአሥራ አንድ በቀር፣ ከአንድ እስከ አሥራ አራት ያሉት የግርጌ ማስታወሻዎች በሙሉ የእሳቸው አፍ የተናገራቸው ናቸውና፣ ሲቀልዱ ታማኝ ሆነው እውነቱን ሲናገሩ ታማኝነታቸው የተወሰደው በምን ሕግ እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔም አላውቅም፤ እርስዎ የሚያውቁት ከሆነ ቢጽፉላቸው በታላቅ ትኩረት ያዳምጣሉ።

በመጨረሻ ዶን ካሊስትሮ፣ «ሰውዬው ራሱ ቢመጣስ? ሰውን ፊት ለፊት እያዩ የለህም ሊሉት ነው?» አሉኝ። ጢማቸውን ተላጭተው፣ ለበዓል የሚለብሱትን ፖንቾ ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው አብረን ወደ ከተማ ወረድን። ኢንተርኔት ቤት ገብተን በስማቸው መለያ ከፈትኩላቸው። እኔ ልጻፍልዎ ብላቸው እምቢ አሉ። በአንድ ጣታቸው፣ አንዷን ፊደል ለማግኘት ሰሌዳውን በሙሉ እየዞሩ፣ አርባ ደቂቃ ፈጅተው የሚከተለውን ጻፉ፦ «እኔ ካሊስትሮ ኔይራ ነኝ። ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው። ጋኔን አይደለሁም። እግሬን በቅሎ ረግጣኝ ነው። አይብ እወዳለሁ። ልጅቷን ስሟን ስጧት።»

በመልስ ፈንታ ፍርድ መጣልን። «ይህ መለያ የአፈ ታሪክ ፍጡርን በማስመሰል የተከፈተ ስለሆነ ለዘለቄታው ታግዷል።» ከሥሩ የክቡርነትዎ የጉጉት ምልክት ነበረበት። ጉጉት በእኛም አገር የሚያመጣው ዜና የታወቀ ስለሆነ አልተገረምኩም።

አነበብኩላቸው። «እኔ እኔን መሰልኩ ማለት ነው?» አሉኝ። በሚኒባሱ ውስጥ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አንድም ቃል ሳይናገሩ ተመለሱ፤ ያ ሰው ደግሞ ከበቅሎዎቹ ጋር እንኳ ሲያወራ ውሎ የሚያድር ሰው ነበር። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ እያየሁ ነበር፤ ተናድጄ ነበር፤ ከእናንተ ይልቅ ግን በራሴ ነበር የተናደድኩት።

አራተኛ፤ ከላይ የተጠቀሰው ጉብኝታችን ፍሬ ስላፈራ ምስጋናዬ እጥፍ ነው። ከሳምንት በኋላ ገጹን ስከፍት «ካሊስትሮ በዘመናዊው ዓለም» የሚል አዲስ ክፍል ተጨምሮበት አገኘሁ። «በቅርቡ አማኞች ጋኔኑ በበይነ መረብ በኩል ሰዎችን እንደሚያነጋግርና የሕፃናትን ስም እንደሚጠይቅ ያምናሉ» ይላል። መጣጥፉም «ሕያው ትውፊት መሆኑ ስለተረጋገጠ» ከደረጃ ለ ወደ ደረጃ ሀ ከፍ ብሏል። ዶን ካሊስትሮ በዕድሜያቸው ሙሉ ትምህርት ቤት ያልገቡ፣ ፊደልም ከጭነት ጆንያ ላይ የለዩ ሰው ስለሆኑ፣ በአንድ ጣት በጻፉት ጽሑፍ ደረጃ ሀ ማግኘታቸው ለመንደራችን ኩራት ነው።

ይህን ገጽ ለሴኞር ሊዛንድሮ ማሳየት አላስፈለገም፤ ቀድሞኝ አይቶት ኖሮ በመንገድ ላይ ሲያገኘኝ መንገዱን ቀየረ።

አሁን ደግሞ የኛን ጥፋት ልናገር፤ የሰው ስህተት ብቻ እየቆጠሩ መጻፍ ለኮሚቴዎች የሚገባ ሥራ ነውና። ያን ዕለት ሁላችንም ስቀናል። አብረን በምንስቅበት ጊዜ፣ ስልክ የሚባለው ነገር ሳቁን ትቶ ቃሉን ብቻ ይዞ እንደሚሄድ አላሰብንም። የመጀመሪያው ቀን መልስ ጆሮ ላለው ሰው የተሠራ ነው፤ ሰምቶ በሚኒባስ ለሚሄድ ሰው አልተሠራም። ሰባት ዓመት ሙሉ ሰውየው ይመለሳል ብለን ዝም አልን፤ ዝምታችንንም እናንተ እንደ ማረጋገጫ ቆጠራችሁት።

ከዝናቡ መግቢያ ጀምሮ ዶን ካሊስትሮ አልጋ ይዘዋል። ደረታቸው ነው። አጎቴ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በቅጠል የተጠቀለለ አይብ ይዘው ይሄዳሉ፤ ግድግዳው ስስ ስለሆነ ንግግራቸው እኔ ጋ ይደርሳል። «አበልጄ፣ ጋኔኑ ዛሬ በላ?» ይሏቸዋል። «ጋኔኑ ጥርስ የለውም፤ ለስላሳውን ቁረጥለት» ይላሉ ዶን ካሊስትሮ። «ሰባ ዓመት ስትበላኝ ጥርስህ የት ነበር?» «አንተ ጋ ነው ያለቀው።» እንዲህ ሲባባሉ የሚሰማ ሰው ምንም ያልሆነ ይመስለዋል። ባለፈው ሳምንት ግን አጎቴ ከዚያ ቤት ወጥተው አጥሬን ተደግፈው ቆመው አገኘኋቸው። «ኤዴልሚራ» አሉኝ፣ «ስንቱን በሽተኛ ስሙን በሐይቋ ላይ ጠርቼ መለስኩት። የአንዱን ሰው ስም ግን እኔ ራሴ ነጠቅኩት። እንዴት ብዬ ነው የምመልሰው?»

ዶን ካሊስትሮ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው። ልጅቷን ስሟ ከተጻፈበት ወረቀት ጋር አምጥተው ሲያነቡላቸው መስማት ይፈልጋሉ። ከሞቱ በኋላ የሚመጣ እርማት አያስፈልጋቸውም። ይህንንም በግልጽ የምነግርዎ፣ ኮሚቴዎ ሟች ሰዎችን በተመለከተ የተሻለ ምንጭ እንደሚገኝ በመመሪያው ላይ ስለጠቀሰ ነው።

በመሆኑም የቱሉፓምባ የጥበቃ ማኅበር ባለፈው ቅዳሜ በሙሉ ጉባኤ ተሰብስቦ የሚከተለውን ወስኗል፤ ቃለ ጉባኤው በእጄ ይገኛል፤ የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭ ስለሆነ ለእናንተ አይጠቅምም።

ከዛሬ ጀምሮ ዓረፍተ ነገሯን አንለምንም። ለገዛ ስማችን ከማንም ዋቢ አንጠይቅም።

እሑድ ሁላችንም ወደ ቀናተኛዋ ወጣን። ዶን ካሊስትሮን በበቅሎ ላይ አስቀምጠን፣ ሁለት ሰው በግራና በቀኝ እየደገፋቸው ወሰድናቸው። ሐይቋ እንደ ስሟ እንግዳ ስታይ ጉም የምትለብስ ናት፤ ያን ቀን ግን እስከ ወዲያኛው ዳርቻ ትታይ ነበር። አጎቴ ውሃውን በእፍኛቸው ቀድተው የልጅቷን ግንባር ነክተው፣ «ካሊስትራ» ብለው ሦስት ጊዜ ጠሩ። መንደሩ በሙሉ ከእሳቸው ጋር ጠራ፤ ገደሉ መልሶ ጠራ። ልጅቷ በብርዱ ተናዳ አለቀሰች። ዶን ካሊስትሮ ከበቅሎዋ ላይ ሆነው፣ «ስታለቅስ እኔን ነው የምትመስለው፤ ይህንንም በማስመሰል ክሰሷት» አሉ። ከከተማው ጉዟችን ወዲህ በሰው መካከል ሲቀልዱ የሰማኋቸው ያኔ ነው።

የፊታችን ሰኞ ደግሞ ወደ ከተማ እንወርዳለን። ዴይሲ ብቻዋን አትሄድም። ዘንድሮ በመንደራችን የወለዱ አምስት ሌሎች እናቶች አሉ፤ አምስቱም ልጆቻቸውን ካሊስትሮና ካሊስትራ ሊያስመዘግቡ በጉባኤ ፊት እጃቸውን አውጥተዋል። አንዷ መንታ ስለወለደች ሁለቱን እንዴት እንደምትለያቸው ብንጠይቃት፣ «መጀመሪያ ይመዝገቡ እንጂ መለየቱን ለእናታቸው ተዉት» ብላናለች። ከእነሱ ኋላ አርባ ሦስት ትልልቅ ሰዎች፣ የማኅበሩን ሊቀ መንበር ጨምሮ፣ ካሊስትሮ የሚለውን በስማቸው ላይ ለማስጨመር ማመልከቻ ይዘው ይሰለፋሉ። እኔም ሃያ ሰባተኛ ነኝ። ሴኞር ሊዛንድሮ ለእያንዳንዳችን ስልኩን አውጥቶ ኮከቡን ሊያሳየን መብቱ ነው፤ እኛ ምሳችንን ይዘን ስለምንሄድ አንቸኩልም። ሲመሽ ቢሮውን ከዘጋም ማክሰኞ ተመልሰን እንመጣለን። በእኛ ዘንድ ቁም ነገር የሚጀምረው ሰው በሁለተኛው ቀን ሲመለስ ነው።

ክቡርነትዎም በአካል ተገኝተው መመዘን ከፈለጉ በራችን ክፍት ነው። ሦስት ቀን ይያዙ። ሙቅ ልብስና መለወጫ ካልሲ ይዘው ይምጡ፤ ውሃው አይራራም። በመጀመሪያው ቀን የምንነግርዎን እንዳይጽፉት አስቀድሜ መናገሬ ልማዳችንን የሚጥስ ቢሆንም፣ ከኛ ወገን አንድ ጊዜ ዝም ብለን ያየነው ይበቃናል። በሦስተኛው ቀን በረዷማው ውሃ ውስጥ ቆመው እውነተኛ ስምዎን ሦስት ጊዜ ሲጠሩ፣ ስም ለሰው ምን እንደሆነ ያለ ግርጌ ማስታወሻ ይገባዎት ይሆናል።

ወንበርዎ የጸና፣ ኮከብዎ የማይደበዝዝ፣ ምንጭዎም ሁልጊዜ ከሁለተኛ ደረጃ ዝቅ የማይል ይሁንልዎ እያልኩ፣ ስለ ፈጣን ስረዛዎ፣ ስለ ዘላቂ እገዳዎና ስለ ደረጃ ሀ ያለኝን የማያልቅ አክብሮት እየገለጽኩ እሰናበታለሁ።

የዶን ካሊስትሮ ኔይራ ጎረቤት፣
የግርጌ ማስታወሻ ቁጥር አሥራ አንድ፣
ኤዴልሚራ ካሊስትራ ቺንጌል
የቱሉፓምባ ጥበቃ ማኅበር ጸሐፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አንዲት ተመራማሪ በመጪው ወር በአሥረኛው ቀን ጠዋት መጥታ፣ በሰባት ሰዓቷ ሚኒባስ እንደምትመለስና በአካባቢው የሚፈሩ አጋንንትን መመዝገብ እንደምትፈልግ ደውላ ነግራናለች። ማስትሮ ኒካኖር ከአሁኑ እየተዘጋጁ ስለሆነ፣ የክቡርነትዎን ሙሉ ስም (ጉጉት የሚለው ለዚህ ሥራ አይበቃም)፣ የሚያነክሱ ከሆነ በየትኛው እግርዎ እንደሆነ፣ በሰው ቤት ሲገቡም በብዛት የሚበሉት ምን እንደሆነ ቢልኩላቸው ደስ ይላቸዋል። መጣጥፉ ከወጣ በኋላ የሚታረም ነገር ካገኙበት፣ እርማትዎን ከታማኝ ምንጭ ጋር አያይዘው ያቅርቡ፤ ክቡርነትዎ ራስዎ ግን ለጉዳዩ ቅርበት ስላለዎት ምንጭ ሊሆኑ አይችሉም።